ከውዱ የማይተናነስ ፋውንዴሽን በርካሽ ለማግኘት፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለምትኖር የተዘጋጀ መመሪያ

ቱሉ ዲምቱም ሂጂ ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች መካከል ኮስሞቲክስ ቤት አይጠፋም። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ፋውንዴሽን፣ ማለትም የፊትን ቀለም አንድ ወጥ የሚያደርገው መዋቢያ፣ በሽ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሜቤሊንን፣ ሬቭሎንንና ሎሬያል ፓሪስን የመሰሉት ምርቶች ከሳሙናና ከራስ ምታት ክኒን ጎን፣ በመድኃኒት ቤትና በሱፐርማርኬት የሚሸጡ የሰፊው ሕዝብ ዕቃዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ግን፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ርካሽ የሚባለውም ኪስ ይነካል። ተሳስቶ መግዛት የማይቻልበት ጊዜ ነው።

ሙሽሮችንና ሚዜዎችን ማስዋብ እንጀራዬ ነው። በሣጥኔ ውስጥ ውዱም ርካሹም አለ፤ ሙሽራዋ ካልጠየቀችኝ በስተቀር የትኛውን እንደቀባኋት አልናገርም፣ የጠየቀችኝም ጥቂት ናት። ሰው ፊትሽን ሲያይ የሚያየው ቀለሙ ከአንገትሽ ጋር መስማማቱንና ከሰዓት በኋላም አለመሰነጣጠቁን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአነስተኛ ገንዘብ ለማግኘት የሚረዳ ነው።

መጀመሪያ፦ ውዱ በምን እንደሚበልጥና በምን እንደማይበልጥ እወቂ

የፈረንሳዩ ሎሬያል ላንኮምን በ1964፣ ሜቤሊንን ደግሞ በ1996 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ገዝቷል። በአርማኒና በኢቭ ሳን ሎራን ስም የሚሸጡትንም መዋቢያዎች የሚያመርተው እርሱ ነው። ማክ፣ ክሊኒክና ቦቢ ብራውን በኤስቴ ላውደር ሥር ናቸው። ይህን ሰምተው «እንግዲያው ሜቤሊን ማለት በርካሽ ጠርሙስ የተቀዳ ላንኮም ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ። አይደለም፤ ቀመሩ ይለያያል። ነገር ግን ስለ ቀለምና ስለ ሲሊኮን ያለው የቤተ ሙከራ እውቀት በአንድ ቤት ውስጥ እንደሚዘዋወር መገመት አያስቸግርም።

ፈሳሽ ፋውንዴሽን በአብዛኛው ውኃ፣ ሲሊኮን፣ ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እና ሦስት የብረት ኦክሳይዶች ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ከርካሹ እስከ ውዱ ቀለም የሚያገኘው ከእነዚሁ ነው። ልዩነቱ ያለው ዱቄቱ በደቀቀበት መጠን፣ በመለበጡ፣ በመጠኑ ስብጥር፣ ከዚያም በጠርሙሱ፣ በፓምፑ፣ በሽቶውና በማስታወቂያው ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን አራቱን ፊትሽ አያውቃቸውም።

ርካሹ በእውነት የሚያንስበት ቦታ አለ፤ እርሱም የቀለም ምርጫ ነው። ፌንቲ ቢዩቲ በ2017 እ.ኤ.አ. በ40 ቀለሞች ገበያ ከገባ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ለጥቁር ቆዳ የሚሆኑ ቀለሞችን ጨምረዋል። ይሁን እንጂ የተጨመሩት ሁሉ ከሰፈራችን ሱቅ አይደርሱም፤ አስመጪው ቶሎ የሚሸጥለትን መካከለኛውን ቀለም ያበዛል። ሁለተኛው ችግር ነጩ ቀለም ነው። ለጠቆረ ቆዳ የሚሠራ ፋውንዴሽን ነጩ ሲቀነስና ቀዩና ቢጫው ሲጠነክር ያምራል፤ ነጩን ሳይቀንሱ ጥቁሩን ብቻ ከጨመሩበት ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል። ስለዚህ በርካሹ መደርደሪያ ፊት ስትቆሚ ዋናው ጠላትሽ አመዱ ነው።

ሁለተኛ፦ የቆዳሽን መልክ በነጠላ እዪው

ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚለው አጠራራችን የቆዳን ጥልቀት ይነግረናል። ለፋውንዴሽን ግን ከሥር ያለው መልክም ያስፈልጋል፤ ወደ ወርቃማ ቢጫ የሚያደላ፣ ወደ ቀላ የሚያደላ፣ በመሐል ያለ፣ ወይም ወደ ወይራ አረንጓዴ የሚሄድ። በቪዲዮ የሚነገረው የእጅ አንጓ ደም ሥርን የማየት ዘዴ ለነጭ ቆዳ የተበጀ ይመስለኛል፤ ለጠይምና ለጥቁር ብዙም አይሠራም።

የሚሠራው ይህ ነው። ፊትሽን ታጠቢና እስኪደርቅ ጠብቂ። ንጹሕ ነጭ ነጠላ አንገትሽ ላይ አድርገሽ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው በረንዳ ላይ መስታወት ያዢ። በነጩ ጥጥ ፊት ቆዳሽ ማር የመሰለ ሆኖ ከታየሽ ወርቃማ ነው፤ እንደ ጡብ ቀላ ካለ ቀያማ ነው፤ ገርጥቶ ትንሽ አረንጓዴ ካነጸባረቀ ወይራማ ነው። በሥራዬ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ቀይ ለሆነች ሴት ሮዝ የበዛበት ቀለም መሸጥ ነው። ቀይ የምንላቸው ብዙ ሴቶች ከሥራቸው ቢጫ ናቸው፤ ሮዙ ሲቀባባቸው የታመሙ ይመስላሉ።

ግንባርሽና ጉንጭሽ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም ልብ በዪ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የምንቆም ሰዎች ግንባራችን ከአንገታችን ይጠቁራል። የምትመርጪው ቀለም ከአገጭሽ ጠርዝና ከአንገትሽ ጋር የሚሄደውን ነው። በግንባርሽ ከመረጥሽ ሙሉ ፊትሽ ጠቁሮ አንገትሽ ለብቻው ነጥቶ ይቀራል፤ በጉንጭሽ መሐል ከመረጥሽ ደግሞ ጭንብል ያደረግሽ ትመስያለሽ።

ሦስተኛ፦ ለአየራችን የሚሆነውን ዓይነት ምረጪ

የምንመለከታቸው የሜካፕ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ከሌጎስ፣ ከዱባይና ከሕንድ ከተሞች የሚመጡ ናቸው። እዚያ ሙቀትና ላብ አለ፤ ስለዚህ ጥብቅ ማት (የማያብረቀርቅ) ፋውንዴሽን፣ በላዩ ብዙ ፓውደር ይላሉ። እኛ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋቱ ብርድ፣ ቀኑ ደረቅ፣ አየሩ እርጥበት የለሽ ነው። ያንኑ ብትከተዪ እኩለ ቀን ሳይሆን ከአፍንጫሽ ግራና ቀኝ ይሰነጠቃል።

«እንግዲያው የሚያብረቀርቀውን ልውሰድ» ብትዪ ደግሞ የከተማው ዳር ሌላ ጣጣ አለው፤ አቧራ። መንገዱ ያልተሠራበት ብሎክ ውስጥ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ቅባት የበዛበት እርጥብ ፋውንዴሽን ዋናው መንገድ ከመድረስሽ በፊት አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው መሐለኛው ነው፤ ሲደርቅ ያልተድቦለቦለ፣ ያላብረቀረቀ፣ የቆዳን ተፈጥሯዊ ወዝ የሚተው። ወዛም ቆዳ ያላት ማቱን ትውሰድ፤ በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ላይ ብቻ ወዝ ያላትም መሐለኛውን ወስዳ እነዚያን ቦታዎች በፓውደር ትያዝ።

ውዱን አይተሽ የተመኘሽ ከሆነ ተቀራራቢው እንዲህ ይፈለጋል። እንደ ኤስቴ ላውደር ደብል ዌር ቀኑን ሙሉ የሚቆይና ጥሩ የሚሸፍን ከፈለግሽ፣ የሬቭሎን ከለር ስቴይ፣ የሜቤሊን ሱፐር ስቴይና የሎሬያል ኢንፋሊብል በዚያው መስመር የሚሄዱ ናቸው። ከለር ስቴይ ለወዛምና ለቅይጥ ቆዳ አንድ፣ ለመደበኛና ለደረቅ ቆዳ ሌላ ተብሎ የተለየ ስለሆነ ጠርሙሱን አንብቢ። ሻጮች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ አይነግሩሽም። እንደ ፌንቲ ፕሮ ፊልተር ለስላሳ ማት ለምትፈልግ የሜቤሊን ፊት ሚ ማት ኤንድ ፖርለስ መነሻ ነው። እንደ አርማኒ ሉሚነስ ሲልክ ቀጭንና የቆዳ ወዝ ያለው ከሆነ ምኞትሽ፣ የሎሬያል ትሩ ማች ይቀርባል። ከእነዚህ የሚያንስ ዋጋ ያላቸው እንደ ጎልደን ሮዝና ፍሎርማር ያሉ የቱርክ፣ እንደ ኢሰንስና ካትሪስ ያሉ የጀርመን ምርቶችም አሉ። ለቀላል ሽፋን አልንቃቸውም፤ ለጠቆረ ቆዳ ግን ያላቸው ቀለም ውስን ነው።

የቀለም ስሞቹ ግራ እንዳያጋቡሽ። በትሩ ማች ላይ ከቁጥሩ ጋር የሚጻፈው ደብልዩ ወርቃማውን፣ ሲ ቀላ ያለውን፣ ኤን መሐለኛውን ያመለክታል። በማክ ግን ኤንሲ ወደ ቢጫ፣ ኤንደብልዩ ወደ ቀላ የሚያደላ ነው፤ ማለትም ፊደሉ ከሌሎቹ ተገላብጧል። «የማክ ኤንሲ 45 ነኝ» ብለሽ የሌላውን ሲ ብታነሺ ያላሰብሽው ሮዝ ይወጣልሻል። በፊት ሚ ማት ውስጥ 322 ዋርም ሃኒ፣ 330 ቶፊ፣ 355 ኮኮናት፣ 360 ሞካ እያለ ወደ ጥቁረት ይሄዳል። ከጎረቤትሽ ቁጥር ተነሺ እንጂ እርሱኑ ዓይንሽን ጨፍነሽ አትግዢ።

አራተኛ፦ የትና መቼ እንደምትገዢ ወስኚ

መርካቶ ይረክሳል፤ ምርጫውም ሰፊ ነው። ነገር ግን ግፊያው መሐል ቆመሽ አገጭሽ ላይ ቀብተሽ ለመጠበቅ አይመችም፤ አንዳንዱም ሱቅ ለችርቻሮ ደንበኛ ትዕግሥት የለውም። ቦሌ አካባቢ ያሉት ሱቆች ያስሞክራሉ፤ በዋጋው ላይ የሕንጻው ኪራይ ተጨምሮበታል። የሰፈር ሱቅ ምርጫው ትንሽ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሻጯ ታውቅሻለች፣ ነገም እዚያው ናት። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቀለሙን ከሚያስሞክር ቤት እለያለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ለሰፈሬ ነጋዴ «ይህን ቁጥር ከመርካቶ ስትመጪ ያዢልኝ» እላለሁ። ሁለታችንም እንጠቀማለን።

በቴሌግራም የሚሸጡትን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ ይኑርሽ። ቀለምሽን አስቀድመሽ ካላወቅሽ አትዘዢ፤ በስልክ ፎቶ ቀለም የመረጠ ሰው የታደለ ከሆነ ብቻ ነው የሚሳካለት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ግን ቁጥሩን ከነሙሉ ስሙ ጽፈሽ ላኪ። «ለጠይም የሚሆን አምጪልኝ» የተባለች አክስት የምታመጣውን መገመት አያቅትም።

ዋጋ ስታወዳድሪ ጠርሙሱን ሳይሆን ሚሊ ሊትሩን አስዪ። የተለመደው 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዳንዱ ወፍራም ብርጭቆ ግን ትልቅ መስሎ ውስጡ ያነሰ ነው።

አምስተኛ፦ በር ላይ ፈትኚው

ከጠዋቱ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፊትሽን ሳትቀቢ ሂጂ። ሞካሪው ጠርሙስ ላይ የብዙ ሰው ጣት አርፎበታልና የራስሽን የጆሮ ጥጥ ያዢ። በእጅሽ ጀርባ ላይ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ እጅሽ ከፊትሽ ጋር አንድ ቀለም የለውም።

ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞች ምረጪና ከጉንጭሽ ታች ጀምረሽ አገጭሽን አልፎ አንገትሽ እስኪደርስ ቀጫጭን መስመር አስምሪ። ከዚያ ከሱቁ ውጪ። የሱቁ ነጭ አምፑል ሰማያዊ ስለሚያበዛ ሁሉንም ያሳምራል፤ እውነቱ ያለው በር ላይ፣ በጥላ ውስጥ ነው። የጠፋብሽ መስመር ያንቺ ነው። ሁለቱ ከጠፉብሽ ጠቆር ያለውን ውሰጂ፤ ጥቂት የጠቆረ ቀለም ፀሐይ የነካው ቆዳ ይመስላል፣ ጥቂት የነጣ ግን አመድ ይሆናል።

አሁን ሻጩ ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ። ፋውንዴሽን ከአየርና ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ሊጠቁር ወይም ወደ ብርቱካን ሊሄድ ይችላል፤ ርካሾቹ ደግሞ በዚህ ይብሳሉ። ሄደሽ ሽንኩርትሽን ግዢ፣ የመብራት ካርድሽን ሙዪ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ እዪው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተቀየረ ቀለም ካለ አንድ ደረጃ የሚነጣውን ከመውሰድ ይልቅ ምርቱን ራሱን መተው ይሻላል፤ ማታ ላይ ምን እንደሚሆን አይታወቅምና።

ከተቻለ ደግሞ በትንሽ ንጹሕ ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ ባይሆን በገንዘብሽ ግዢው። አንዳንድ ነጋዴዎች ከሞካሪው ላይ በደስታ ይቀንሱልሻል። ለአንድ ቀን የሚበቃ ከሆነ የምር ፈተና ይሆንልሻል፦ ጠዋት ቀብተሽ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ድረስ በአውቶቡስ ተጉዘሽ፣ ቡና ጠጥተሽ፣ ተመልሰሽ ታዪዋለሽ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠሽ አቧራ በልተሽ ያልተበላሸ ፋውንዴሽን፣ ሰርግ ላይ አያሳፍርሽም።

ስድስተኛ፦ ጠርሙሱን መርምሪ

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚበዛው በታዋቂ ስሞች ላይ ነው፤ ማክ ተብሎ በመንገድ ዳር በማይታመን ዋጋ የሚሸጠውን አትመኚው። ካርቶኑና ጠርሙሱ ላይ የታተመው የምርት ተራ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የፊደል ግድፈት፣ የሚለቅ ቀለም፣ እንደ ነዳጅ ወይም እንደ አሮጌ ዘይት የሚሸት ሽታ፣ ተነቅንቆም የማይዋሐድ ፈሳሽ፣ ሁሉም ምልክቶች ናቸው። ክፍት ማሰሮ የመሰለው ሥዕል ውስጥ 12 ወይም 24 ተብሎ የሚጻፈው ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ነው። የሚያበቃበት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሺ፤ ሻጩ በእኛ ዓመት አስልቶ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ሲል ሰምቻለሁ።

«ያቀላል» የሚል ፋውንዴሽን ወይም በሱቁ ውስጥ ከማይታወቅ ክሬም ጋር የተደባለቀ ከሆነ ሳትገዢ ውጪ። ቆዳ የሚያቀሉ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ነው። ሃይድሮኪኖን የተባለው ቆዳ ማቅሊያ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ አይደለም። አዲስ ምርት ከመጀመርሽ በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ቀብተሽ ሁለት ቀን ተመልከቺው። ካሳከከሽ ወይም ካበጠ ተዪው፤ ካልለቀቀሽ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በቆዳ ሕክምና የታወቀ ሆስፒታል ነው።

ሰባተኛ፦ ርካሹን እንደ ውድ ቀቢው

ግማሹ ሥራ እዚህ ነው። ፊት ታጥበሽ ቀለል ያለ ማለስለሻ ቀቢ፤ በውኃ የቀጠነ ግሊሰሪን ለብዙዎች ይበቃል። ቫዝሊን ግን ከሥር አይሁን፤ ፋውንዴሽኑን ያንሸራትተዋል። የፀሐይ መከላከያ ለብቻው ይቀባል። ፋውንዴሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው በወፍራሙ ከተቀባ ብቻ ነው፤ ያን ያህል የሚቀባ ሰው የለም። ሁሉም እስኪገባ አሥር ደቂቃ ታገሺ፣ እስከዚያ ቁርስሽን ብዪ።

ከሥር የምትቀቢው ፕራይመርና ፋውንዴሽኑ በአንድ መሠረት ላይ ይሁኑ። ንጥረ ነገሮቹ ከተዘረዘሩበት መጀመሪያ አካባቢ መጨረሻቸው «ኮን» ወይም «ሳይሎክሴን» የሆኑ ስሞች ካየሽ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮኑን ከውኃማ ፕራይመር ላይ ከደረብሽው እንደ ተላጠ ቀለም ሊጠቀለል ይችላል። ብዙ ሴቶች «ፋውንዴሽኑ መጥፎ ነው» ብለው የሚጥሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስፖንጁን አርጥበሽ በደንብ ጭመቂው፤ ከፊትሽ መሐል ጀምረሽ ወደ ዳር እየነካካሽ ዘርጊ፣ አታሺው። ሁለት ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ፓውደር የሚያስፈልገው ወዝ በሚወጣበት ቦታ ብቻ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የስፖንጅ ንጽሕና ራስ ምታት መሆኑን አውቃለሁ። ሁለት ስፖንጅ ኖሮሽ ውኃ በመጣ ቀን ሁለቱንም በሳሙና ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይሻላል፤ እርጥብ ስፖንጅ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚያድርበት ቤት ብጉር አይጠፋም።

ትክክለኛው ቀለም ከጠፋ ሁለት ቀለም ገዝቶ መቀላቀል ነው፤ ከአንድ ብራንድና ከአንድ ዓይነት ይሁኑ። ከእኅትሽ ወይም ከጓደኛሽ ጋር ብትካፈዪ ወጪው ይቀላል፤ በጋ ላይ ጠቆር ያለውን፣ ክረምት ላይ ነጣ ያለውን ታበዢያለሽ።

በጥር ሚዜ ለምትሆን አንድ ተጨማሪ ነገር። ከሰርጉ ቀደም ባለ ምሽት ተቀብተሽ በጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ ፍላሽ ፎቶ ተነሺ። የፀሐይ መከላከያ የበዛበት ፋውንዴሽንና ሲሊካ የሆነ ነጭ ፓውደር ብርሃን መልሰው ፊትን ነጭ ያደርጋሉ። በዓይን የማይታየው ነጭነት በአልበም ላይ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከነጣ መጀመሪያ ፓውደሩን ቀይሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ነው።

ጠርሙሱን ከመስኮት ፀሐይ አርቂው። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ካርቶኑን ሳትጥዪ ሙሉ ስሙን፣ የቀለም ቁጥሩን፣ የተሠራበትን አገር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ለአንድ ስም ለተለያዩ አገሮች የሚሠራው ቀመር አንዳንዴ ይለያያል፤ ኩባንያዎችም ሳይናገሩ ይቀይራሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ያው ቢሆንም ሁለተኛውን ጠርሙስ ከመግዛትሽ በፊት አንድ መስመር አገጭሽ ላይ አስምሪና በር ላይ ውጪ።